ወጡን ቀንሺለት

ሰው በእርጅናው ስለ ምን እንደሚጠየቅ አስቀድሞ አያውቅም። እኔ ስለ ልጅ አስተዳደግ እጠየቃለሁ ብዬ አስብ ነበር፤ ቢበዛ ስለ ቅቤ አነጣጠር። አሁን ግን የሰፈራችን ጎልማሶች በሩን ያንኳኩና ጫማቸውን እያዩ፣ «እናቴ፣ ያቺ ነገር አረረችብኝ፤ ምን ባደርግ ይሻላል?» ይሉኛል። ያቺ ነገር የሚሏት ቬፕ ናት። ሲጋራ ለመተው የሚታገሉ ሰዎች የሚይዟት፣ በባትሪ የምትሠራ፣ ክብሪት የማትፈልግ ማጨሻ ናት። እኔም ሻሼን አስተካክዬ፣ «ስንት ላይ አድርገሃት ነው? ከሞላሃትስ በኋላ ታግሠሃል?» እላቸዋለሁ። አሰላ ውስጥ በዚህ ጉዳይ ምክር የምትጠየቅ አያት ከእኔ ሌላ ያለች አይመስለኝም። ራሴ ግን በሕይወቴ ምንም ነገር አጭሼ አላውቅም።

እውቀቱን ያገኘሁት በስህተት ነው። የስህተቱን ዋጋ የከፈለው ደግሞ ባለቤቴ ነው፤ በሆዱ።

ባለቤቴ ከድር የኮምባይነር ኦፕሬተር ነበር። ስንዴ በደረሰ ቁጥር ከዲክሲስ ሮቤ፣ ከሮቤ በቆጂ እየዞረ ሲያጭድ ኖሮ ጡረታ ወጣ። ኮምባይነር ላይ የሚውል ሰው አቧራ ይበላል። እሱ አቧራውን በሲጋራ ያወራርደው ነበር። «ጭስ አቧራን ይገፋል» የሚል የራሱ ሕክምና ነበረው። ጡረታ ሲወጣ አቧራው ማሳው ላይ ቀረ፤ ሲጋራው ግን ተከትሎት ቤት ገባ። ነጭ ሆኖ የተገዛው መጋረጃችን ቀስ በቀስ የሻይ ቀለም ያዘ። እንግዳ ሲመጣ «ቀለሙ ደስ ይላል፤ ከየት ገዛችሁት?» ይለናል፤ እኔም ሻይ እቀዳለሁ።

በረመዳን ቀኑን ሙሉ አይነካትም። ይህን እያነሳሁ «ወሩን ሙሉ ቀን ቀን የቻልክ ሰው ማታውን እንዴት ያቅትሃል?» ስለው፣ «እሱ ለአላህ ነው። አንቺ አላህ ነሽ?» ይለኛል።

ምላሱም ከጭሱ ጋር ሄዷል። አርባ ዓመት ሙሉ ወጥ ባቀረብኩለት ቁጥር ቀምሶ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ «ጨው አነሰው።» እጨምራለሁ። በማግስቱ ደግሞ «ጨው አነሰው።» እጨምራለሁ። እንዲህ እየጨመርኩ ቤታችን የሚበላ እንግዳ ከወጡ እኩል ውሃ የሚጠጣበት ደረጃ ደረስን። ከእኛ ቤት የወጣ ሰው ሁሉ የሚያመሰግነው ውሃችንን ነው።

አንዲት ልጅ አለችን፤ ሙና ትባላለች። አዳማ ነው የምትኖረው። ባሏ አብዲ ከአዳማ አሰላ ሚኒባስ ይነዳል። ሙና የመጀመሪያ ልጇን አረገዘች። ሴት ልጅ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ የምትታረሰው እናቷ ቤት ነው፤ ይህ ማንም ተከራክሮበት የማያውቅ ነገር ነው። ሙና ተከራከረች።

«እማ፣ ሲጋራ የሚጨስበት ቤት ሕፃን ይዤ አልተኛም። አባ ካልተወ በቆጂ እሄዳለሁ» አለችኝ በስልክ።

በቆጂ ማለት የአማቷ የወይዘሮ ፋጡማ ቤት ነው። ወይዘሮ ፋጡማ ደግ ሴት ናቸው፤ ችግሩም እሱ ነው። ክፉ ቢሆኑ ነገሩ ይቀል ነበር። የእርግዝናው ወሬ ሳይቀዘቅዝ የገንፎ ገብስ አስፈጭተው፣ የበግ አጎዛ አልፍተው ጨርሰዋል። የበቆጂ ሰው ደግሞ ሯጭ ነው፤ ከእነሱ ጋር ለውድድር የተሰለፈ ሰው ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ጀርባቸውን ነው የሚያየው። ቢሆንም እኔም ዝም አላልኩም፤ ጭኮ አዘጋጀሁ። ገብሱን ቆልቼ፣ አስፈጭቼ፣ በነጠረ ቅቤ ለውሼ፣ በእንጨት ገበቴ ጠቅጥቄ፣ በጨርቅ አስሬ ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀልኩት። ለአርሲ አራስ ጭኮ ማለት ሌላ ነው። ደግሞም ቢቆይ አይበላሽም። ጭኮን የሚያበላሸው ሰው ብቻ ነው።

ሙና ያለችውን ለከድር ስነግረው ተነሣ። ወጥቶ በሩ ላይ አንድ ሲጋራ አጨሰ፤ ተመልሶ ተቀመጠና «በቆጂ ብርድ ነው፤ ለሕፃን አይሆንም» አለ። ከእሱ አፍ ይህ ብዙ ነው።

በማግስቱ ሲጋራውን በአንድ ጊዜ ለመተው ሞከረ። ጠዋት ከዶሮዎቹ ጋር ተጣላ፤ ከሰዓት ከሬዲዮኑ ጋር። ወደ ማምሻው ላይ እኔን ማየት ሲጀምር ሲጋራውን ራሴ አቀበልኩት።

ይህን የሰማው አማቻችን አብዲ ነው ቬፗን ያመጣት። ሚኒባሱን ደጃፋችን አቁሞ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ረዳቱ «አዳማ! አዳማ የሞላ!» እያለ እየጮኸ፣ በመስኮት ትንሽ ካርቶን አቀበለን።

«አባባ፣ አንድ ደንበኛዬ ከዱባይ ያመጣልኝ ነው። መሸጋገሪያ ናት እንጂ መኖሪያ አይደለችም፤ ሙናም እሺ ያለችው በዚህ ነው። ፈሳሹን ይሞሉና...»

«ሞልቻለሁ በይው» አለኝ ከድር። ገና ካርቶኑን አልከፈተም።

«ይሞሉና ትንሽ...» አለ አብዲ። የቀረውን ሞተሩ ዋጠው። ተሳፋሪ ሁሉ ፊቱን አጥቁሮ ያየናል። አብዲ እጁን አውለብልቦ ሄደ።

ካርቶኑ ውስጥ የክብሪት ቀፎ የምታህል ጥቁር ዕቃ ነበረች። ጎኗ ላይ ቁጥር የሚታይባት ስክሪን፣ ከሥሯ መጨመሪያና መቀነሻ ቁልፍ አላት። የሐብሐብ ሽታ ያለው የፈሳሽ ጠርሙስም ነበረ፤ ከሥር ደግሞ ጣት ጫፍ የምታክል ብረት፣ መለዋወጫ ይሁን ምን ያላወቅነው። ከድር ሞላት። መጨመሪያውን ተጭኖ፣ ቁጥሩ እንቢ እስኪል ድረስ ወደ ላይ ወሰደው። ሰማንያ ላይ ቆመ።

«አይበዛም?» አልኩት።

«የሙና እናት፣ ስንዴ በአንደኛ ማርሽ አይታጨድም» አለና ሳበ።

ውስጧ ጨው እሳት ላይ እንደወደቀ ሁሉ ተንጣጣ። ከድር ዓይኑ ፈጠጠ፤ ከዚያ እንባ ሞላው።

«ጉበቴ!» አለ። በኦሮምኛ «ተቃጠለ» ማለቱ ነው። ከድር ሲደነግጥ አማርኛው ይጠፋዋል።

ሽታው ወጣ። ያረረ ሐብሐብ ምን እንደሚሸት የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ እኔ አለሁ። ጎረቤታችን ወይዘሮ አስቴር፣ ከቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ስትመለስ በአጥሩ በኩል ደርሷት፣ በሩን ሳታንኳኳ ዘላ ገባች። በቀጥታ ማድቤት ገብታ ድስቱን ከምድጃው ላይ አወረደች።

«በኢየሱስ ስም! ወጥሽ እያረረ ነው፤ ሰው የለም እንዴ እዚህ ቤት?»

«ወጡ አይደለም» አልኳት፤ «ከድር ነው።»

«ጋሽ ከድር አረሩ?»

ጋሽ ከድር አጥሩን ይዞ ያስል ነበር። ሳሉ ሲበርድለት ኪሱ ገባና ሲጋራውን አወጣ። «ይቺስ ቢሆን መቃጠል ተፈጥሮዋ ነው፤ ሳትዋሽ ትቃጠላለች» አለ። እኔ ግን በዓይኔ ላይ የመጣብኝ የወይዘሮ ፋጡማ አጎዛ ነው። ተነጥፎ፣ ልጄ ተኝታበት።

ወዲያው ለሙና ደወልኩ። እኛ ቤት ኔትወርክ የሚገኘው በረንዳው ጫፍ ላይ ነው። ነፋስ ከጭላሎ ተራራ በኩል ሲነሳ እሱም ይሄዳል። የዚያን ዕለት ነፋስ ነበረ።

«አባትሽ በዚያች ዕቃ አረርኩ እያለ ነው። ጉሮሮዬን ላጠኝ ይላል» አልኳት።

«እማ፣ አውቄዋለሁ...» አለች፤ ድምጿ ይቆራረጣል። «በጣም አብዝቶት ነው... ወጡን ቀንሺለት!»

«ወጡን?»

«አዎ! ዋናው እሱ ነው! ሲበዛ ነው የሚያቃጥለው። በአስራ አምስት ጀምሪለት፤ ከዚያ በላይ እንዳታስነኪው!»

«አስራ አምስት ምን?» አልኩ። ነፋሱ ነው የመለሰልኝ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩት ትምህርት ትምህርት በነበረበት ዘመን ነው። ማሰብ አያቅተኝም፤ የሚያስቸግረኝ ማሰቡን የት እንደማቆም አለማወቄ ነው። በርበሬ ጉሮሮ ያቃጥላል፤ ጭስ ጉሮሮ ያቃጥላል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ሰው ያርራል። ከዚህ በላይ ግልጽ ምን አለ? የቀረው አስራ አምስቱ ነው። አስራ አምስት ጭልፋ እንዳልል ከድር በሬ አይደለም። አስራ አምስት ጠብታ እንዳልል ወፍ አይደለም። ማንኪያ መሆን አለበት። ሙና «ከዚያ በላይ እንዳታስነኪው» ስላለች ደግሞ ለጥንቃቄ የሻይ ማንኪያ አደረግኩት።

ምሳ ቀረበ። እንጀራው እንደ ወትሮው ሰፊ ነው፤ መሀሉ ላይ ግን የቀበሌ ማኅተም የተመታበት ይመስል ነበር።

ከድር እጁን ታጥቦ ተቀመጠ። ጠበቀ። «ወጡስ?» አለኝ።

«ይኸው።»

«ይሄ ወጥ ነው የወጥ ፎቶ?»

«ልጅህ ናት ያዘዘችው። ለጉሮሮህ።»

«ሙና?»

«ሙና።»

እንጀራውን ሳበ። ከዳር እየቆረሰ ወደ ማኅተሙ በቁጠባ ተጓዘ። ለእኔ ሲሆን በጨው ይከራከራል፤ ሙና አለች ከተባለ ግን ድንጋይም ቢቀርብለት ይጎርሳል። ጨርሶ ሲነሳ «ጨው አነሰው» አለ፤ ግን ለወግ ያህል ነው።

ጉሮሮው ግን አልተሻለውም። ጠዋት ተነስቶ ያቺን ዕቃ ይስባል፤ «ጉበቴ!» ይላል፤ ያስላል፤ ተናዶ ሲጋራ ይለኩሳል። እኔ ምሳ ላይ ወጡን እሰፍራለሁ። እሱ በሁለት በኩል እየተቀጣ ከረመ። ሱሪው መንሸራተት ጀመረ። የሙና ሆድ ደግሞ እየገፋ፣ ቀኑ እየቀረበ ነው። አንድ ከሰዓት ነፋሱ ሲተኛ ደወለች።

«እማ፣ አስራ አምስት ላይ አደረግሽለት?»

«አደረግኩለት።»

«አሁንም ያርራል?»

«ያርራል። ጭራሽ ቁጡ ሆኗል።»

«እንደሱማ መሆን አልነበረበትም» አለች አስባ። «እንግዲያው ወደ አስር አውርጂው።»

«አስር? ሙና፣ ትልቅ ሰው ነው እኮ!»

«እማ፣ መጀመሪያ ላይ ዝቅ ማለቱ ነው የሚያዋጣው፤ ይለምደዋል። ደግሞ ላይ በላይ አይውሰድ። አንዴ ወስዶ፣ ዐረፍ ብሎ፣ ከዚያ ይድገም። ቀስ ብሎ፣ በዝግታ። ደረቁን ግን በፍጹም! ደረቅ ከሆነ ወዲያው ነው የሚያርረው።»

ሁሉንም ፈጸምኩ። ወጡን አስር የሻይ ማንኪያ አደረግኩት። ከጉርሻ እስከ ጉርሻ እንዲያርፍ ነገርኩት። አስር ማንኪያ ወጥ የነካው እንጀራ ደረቅ እንዳይሆን እንዴት እንደሚደረግ ግን ትንሽ አስቸገረኝ። በመጨረሻ ውሃ ረጨሁበት።

ከድር እንጀራውን አየ፤ እኔን አየ። «የሙና እናት፣ እኔና አንቺ መቼ ነው የተጣላነው?» አለኝ በለሆሳስ።

«ዐረፍ እያልክ ብላ» አልኩት።

ከጥቂት ቀን በኋላ ወይዘሮ አስቴርን እግሯን ወለም ብሏት ልጠይቃት ሄድኩ። ለቡና አልቆየሁም፤ ቶሎ ተመለስኩ። ከድር ወንበር ላይ ቆሟል። ፊቱ ወደ ቁም ሳጥኑ ነው። ገበቴው ተፈቷል። በእጁ ማንኪያ ይዟል፤ የሻይ አይደለም። ጺሙ በቅቤ ያበራል።

«የአራስ ጭኮ!» አልኩ።

ዞረ። አልወረደም። እኔ ያየሁት ገበቴውን ነው። ያን ሁሉ ዓመት ኮምባይነር የነዳ ሰው ጭኮውንም ከዳር ጀምሮ፣ በመስመር፣ ምንም ሳያንጠባጥብ አጭዶታል። ሩቡ ማሳ ባዶ ሆኗል።

«ሙና መጥታ ስትበላው ምን ልትላት ነው?» አልኩት።

«ሙና ስትመጣ እኔ ያለሁ ይመስልሻል? ይህ ምን ዓይነት ጾም ነው? ረመዳን እንኳ ፀሐይ ስትገባ ይበላል። ያንቺ ጾም መግሪብ የለውም!»

«ልጅህ ናት አልኩህ እኮ!»

«እንግዲያው ልጄን ልጠይቃታ!» ብሎ ከወንበሩ ወረደና ስልኬን ነጠቀኝ። በረንዳው ጫፍ ላይ ቆመ። እኔም ተከተልኩት።

«ልጄ፣ ሙና» አለ፤ ድምፁ እንደ ከሳሽ ጀምሮ እንደ ተከሳሽ ዝቅ አለ። «ጥፋት ካለብኝ ንገሪኝ። ሲጋራውን ከነክብሪቱ ዛሬ እጥላለሁ፤ ወላሂ። ወጡን ግን መልሽልኝ።»

«የምን ወጥ አባ?»

«እናትሽ በሻይ ማንኪያ እየቆጠረች የምትሰጠኝን ነዋ! መጀመሪያ አስራ አምስት አልሽ፤ እሺ አልኩ። ኋላ አስር አልሽ። ከዚህ በታች ደግሞ የሚቀረው ማሽተት ነው።»

ከዚያ በስልኩ ውስጥ የሚያቃስት የመሰለ ድምፅ ተሰማ። ምጥ የመጣባት መስሎኝ ስልኩን ከከድር እጅ ነጠቅኩ። ሙና እየሳቀች ነበር። ትንፋሽ አጥሯት፣ ሆዷን ይዛ፣ እየሳቀች።

«ዋት!» አለች በመጨረሻ። «እማ፣ ዋት ነው ያልኩሽ! ዋቱን ቀንሺለት!»

«እኮ፣ ወጡን ቀነስኩለት!»

«ዋት! የመብራት ዋት! የአምፖል ዋት!»

ዋትን ከድሮም አውቀዋለሁ። የሳሎናችን አምፖል ስልሳ ዋት ነው፤ የማድቤቱ አርባ። ግን ማን ነው ሰው አፍ ውስጥ አምፖል የሚፈልግ?

«አባ፣ ዕቃዋን አምጣት። ስክሪኗ ላይ ያለው ቁጥር ስንት ነው?» አለች።

ከድር ከኪሱ አውጥቶ አራቀና አነበበ። «ሰማንያ።»

«ሰማንያ! አባ፣ እሱ እኮ ብየዳ ነው!»

ከድር እኔን አየኝ። እኔ ጭላሎን አየሁ።

ሙና ሳቋን ዋጥ አድርጋ ነገሩን ከሥሩ አስረዳችን። ዕቃዋ ውስጥ ትንሽ ጠምዛዛ ሽቦ አለች፤ በጥጥ ተሸፍናለች። ጥጡ ፈሳሹን ይመጥጣል፤ ሽቦዋ ትግላለች፤ እንፋሎት ይሆናል። ጥጡ ሳይጠጣ ከተሳበ ወይም እሳቱ ከአቅሙ በላይ ከሆነ የሚቃጠለው ጥጡ ራሱ ነው። አንዴ ያረረ ጥጥ ደግሞ አይድንም። ያረረ ድስት ላይ አዲስ ወጥ ቢጨመር ያው አረር አረር እንደሚለው ነው። መፍትሔው ማውጣትና አዲስ መክተት ነው። ያቺ ጣት ጫፍ የምታክለው ብረት ለካ እሷ ነበረች።

«ኩራዝ ናት በይኛ» አልኳት። ለምን እስካሁን እንዳልገባኝ ገረመኝ። እኛ በኩራዝ ነው ያጠናነው። አዲስ ክር ላምባ ሳይጠጣ ክብሪት ከሰጠኸው ራሱን ይበላል፤ ክሩን አብዝተህ ከሳብከው ያጨስና ጣሪያ ያጠቁራል። ይህን ለከድር ደገምኩለት።

ከድር ቀና አለ። «ዘይት ሳይወጣ ጋዝ መስጠት ማለት ነው?»

«እኔ ሞተር አላውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ» አለ። «ዘይት ሳይወጣ ጋዝ የሰጠ ረዳት ነበረኝ። ከኮምባይነሩ አስወርጄ ከዲክሲስ በእግሩ ነው የሸኘሁት።» ከዚያ ዕቃዋን መዳፉ ላይ አድርጎ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው አያት።

ከዚያ በኋላ ሥራው የኦፕሬተር ሆነ። ያረረችውን ነቅሎ አዲሷን ከተተ። ከመክተቱ በፊት ጥጧ ላይ ፈሳሽ ጠብ ጠብ አደረገባት። ሞላ። እኔ ወጥ እስካማስል፣ እንጀራ እስካቀርብ አስታገሥኩት፤ ያን ዕለት ወጡን በጭልፋ ነበር የሰፈርኩት። በልቶ ሲጨርስ ቁጥሩን አወረደው። አዲሷ ብረት ጎን ላይ ከዚህ እስከዚህ የሚል ቁጥር ተጽፏል፤ ከዝቅተኛው ጀመረ። ከሐኪም ፊት እንደቆመ ሰው በዝግታ ሳበ። እኔም፣ እያነከሰች መጥታ አጥሩ ላይ አገጯን ያስደገፈችው ወይዘሮ አስቴርም፣ «ጉበቴ»ን ጠበቅን።

ከድር እንፋሎቱን ለቀቀ። አሰበ። «ሐብሐብ» አለ።

ወይዘሮ አስቴር «ሃሌሉያ» አለች፤ እኛ «አልሐምዱሊላህ» አልን፤ ምሳም ከዚያ ቀን ወዲህ በሰላም ይበላ ጀመር።

አሁን የሚመጡትን ጎልማሶች የምነግራቸው ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም። ከዝቅተኛው ጀምር፤ አንድ አንድ እያልክ ጨምር፤ ሲጣፍጥህ እዚያው ቁም። ከሞላህ በኋላ ታገሥ። ላይ በላይ አትሳብ፤ ጥጡም እንዳንተ መጠጣት አለበት። ፈሳሹ ከምልክቱ በታች ሳይወርድ ሙላ። ካረረ አትለማመጠው፤ ቀይረው። ሲጋራ ጀምሮ የማያውቅ ሰው ከመጣ ግን ወደ እናቱ እመልሰዋለሁ። ይቺ ለመውጫ የተሠራች በር ናት፤ በእሷ የሚገባ ሰው ሞኝ ነው።

ሙናም መመሪያ አወጣች። እንፋሎትም ቢሆን ለሕፃን ስለማይሆን ቤት ውስጥ በፍጹም፤ የፈሳሹም ኒኮቲን በየጊዜው እየቀነሰ ይሄዳል፤ ቀላሉን አብዲ ያመጣል። ከድር ወንበሩን ወደ ውጭ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር አወጣ። ብርድ ሲሆን ለመውጣት ይሰንፋል፤ ሲሰንፍ አይስብም። የአሰላ ብርድ ለአንድ ነገር ጠቀመን።

መንገዱ ሁሉ ቀጥ ያለ ነበር ብዬ አልዋሽም። አንድ ቀን ፈሳሹ አለቀበትና በደረቁ ስቦ አሳረራት። ተናዶ ወደ ሱቅ ሲሄድ አየሁት፤ ጠርቼ አልመለስኩትም። ማድቤት ገብቼ ሽንኩርት ከተፍኩ። ሲመለስ አንድ ሲጋራ በጣቶቹ መሀል ይዟል፤ ጫፏ ብቻ ተለኩሳ ጠፍታለች።

«ሳብኳት» አለኝ። «ለካ ሲጋራ ማለት ሁልጊዜ ሰማንያ ላይ የምትኖር ነገር ናት።»

ጣላት። እኔም «እንግዲህ ምሳ ደርሷል» አልኩት። ዓይኔን ያስለቀሰኝ ሽንኩርቱ ነው።

መጋረጃዎቹን አጠብኩ። አንዴ ማጠብ አልበቃቸውም፤ የመጀመሪያው ውሃ ሻይ ሆኖ ነው የወጣው። ሲሰቀሉ ወይዘሮ አስቴር «አዲስ ገዛሽ?» አለችኝ።

ሙና በወሯ መጣች። አብዲ ያን ቀን የሚኒባሱን ሞተር አጥፍቶ ነበር የቆመው። ቦርሳዋ አብዲ እጅ አልነበረም፤ ራሷ አንጠልጥላው በሩ ላይ ቆመች። አልገባችም። መጋረጃውን አሸተተች። የበሩን መቃን አሸተተች። ከድር ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል፤ እሱንም ጠጋ ብላ ትከሻው ላይ አሸተተችው። እኔ ድስት እንደጣደ ሰው ወደ ማድቤት አየሁ።

ቦርሳዋን አስቀመጠች።

ሴት ልጅ ወለደች። ወይዘሮ ፋጡማ የገንፎውን ዱቄት አሸክመው፣ አጎዛውን ጠቅልለው ከበቆጂ መጡ። ተሸነፍኩ ብለው አልቀሩም፤ እንዲያውም አጎዛውን በእጃቸው አነጠፉ። ጭኮውን ሲቀምሱ «ለምን ጎደለ?» አሉኝ፤ «ቅምሻ ነበረበት» አልኳቸው። ከድር ጣሪያውን ያይ ነበር።

ለእሳቸው ክብር ዶሮ ሠራሁ። በአንድ ትሪ ቀረብን። ወይዘሮ ፋጡማ አንድ ጎርሰው ውሃ ጠጡ፤ ሁለተኛ ጎርሰው ውሃ ጠጡ። ከድር ጎረሰ። ማኘኩን አቆመ። ወጡን አየ። ደግሞ ትንሽ በጣቱ ጫፍ ቀመሰ።

«የሙና እናት» አለኝ።

«አቤት።»

«ወጡ ጨው በዝቶበታል።»

አርባ ዓመት ያልሰማሁት ነገር ስለሆነ እኔም ወጡን ቀመስኩ። ወይዘሮ ፋጡማ ብርጭቋቸውን ቁጭ አደረጉና «አልሐምዱሊላህ፣ የሚናገር ሰው ተገኘ!» አሉ።

«ስንት ልቀንሰው?» አልኩት።

ከድር ሌላ ጉርሻ እየጠቀለለ ነበር። ቀና እንኳ አላለም።

«አስራ አምስት ላይ አርጊው» አለ፤ ሕፃኗም በእናቷ ሳቅ ነቃች።